«መሪ ቅርጽ» እና «የምላስ መደብ»፦ በዳክዬ መጥሪያ ሥራ ምሳሌነት ስለ ሙያ ቃላት አሰያየም

1. መነሻ

የእጅ ሙያ ጽሑፎችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚመልስን ሰው ከሚያስቸግሩት ቃላት አንዱ «ጅግ» የሚባለው ነው። ቃሉ አጭር ነው፤ ዕቃውም በብረታ ብረትና በእንጨት ሥራ ቤቶች ዘንድ እንግዳ አይደለም። ሆኖም ተርጓሚው እንደ ጊዜውና እንደ ቦታው «መያዣ»፣ «መለኪያ»፣ «ናሙና» ወይም «ቅርጽ ማውጫ» ሊለው ይችላል። ችግሩ አራቱም ስሞች አስቀድሞ ሌላ ባለቤት ያላቸው መሆኑ ነው። መያዣ ዕቃውን እንዳይንቀሳቀስ አድርጎ ይይዛል፤ መለኪያ የተሠራውን ነገር ልክ ያስታውቃል፤ ናሙና ለዐይን የሚታይ አምሳያ ይሰጣል፤ ቅርጽ ማውጫ ደግሞ የቀለጠ ወይም የላመ ነገር የሚፈስበት ነው። «ጅግ» ከእነዚህ አንዱም አይደለም።

እነዚህ ነገሮች በአንድ ስም ቢጠሩ የሚጎዳው መዝገበ ቃላቱ ብቻ አይደለም። መመሪያ አንብቦ ሥራ የሚጀምር ሠልጣኝ ዕቃውን የሚይዝለትን መሣሪያ እጁን ከሚመራለት መሣሪያ ለይቶ ካላወቀ፣ ሞረዱ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ሊያውቅ አይችልም። በቃሉ መደባለቅ የተነሣ እንጨቱ ይበላሻል ማለት ነው።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልዩነቱን በአንድ ጠባብ ሙያ፣ ይኸውም በአሜሪካ በሚሠራው የዳክዬ መጥሪያ ላይ እንመረምራለን። ይህን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ዕቃው በመዳፍ ውስጥ የሚያዝ ትንሽ ነገር ሲሆን መያዝ፣ መምራትና መለካት በሥራው ውስጥ እያንዳንዳቸው ተለይተው ይታያሉ። ሁለተኛ፣ ለክፍሎቹ በአማርኛ የተለመደ ስም ስለሌለ፣ አሰያየሙን ከሥሩ ጀምሮ ለመፈተን ይመቻል።

2. ዕቃውና ድምፁ

የዳክዬ መጥሪያ አዳኙ በትንፋሹ እየነፋ የዳክዬን ድምፅ የሚያስመስልበት መሣሪያ ነው። በአሜሪካ ለዚህ ዓይነት መሣሪያ ከተሰጡት ቀደምት የፈጠራ መብቶች አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1870 የዲትሮይቱ ኢላም ፊሸር ያገኘው ነው። እስከ 1935 ድረስ አዳኞች የበረሩትን ዳክዬዎች ለማውረድ ሕይወት ያላቸውን የተለመዱ ዳክዬዎች በውሃ ላይ አስረው ያስጮኹ ነበር። በዚያ ዓመት የአገሪቱ መንግሥት ይህን ስለከለከለ፣ በሰው ትንፋሽ የሚጮኸው መጥሪያ የበለጠ ተፈላጊ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1936፣ በሩዝ እርሻዋ በምትታወቀው በአርካንሶ ክፍለ ግዛት በስቱትጋርት ከተማ የዳክዬ አጠራር ውድድር ተጀመረ፤ ውድድሩም እስከ ዛሬ ይካሄዳል።

መጥሪያው በሁለት ዋና ክፍሎች ይከፈላል። የመጀመሪያው አፍ የሚያርፍበት ባዶ ቱቦ ነው፤ ይህን «ቀፎ» ብለነዋል። ሁለተኛው ወደ ቀፎው የሚገባው ክፍል ሲሆን «ተሰኪ» ብለነዋል። በተሰኪው ላይ አንድ ጠፍጣፋ ስስ ነገር በትንሽ የቡሽ ሽብልቅ ተይዞ ይተኛል። ይህ ስስ ነገር «ምላስ» ነው። ምላሱ የሚተኛበት፣ በመካከሉ የአየር ቦይ ያለው ገጽ «የምላስ መደብ» ይባል ዘንድ እናቀርባለን፤ እንግሊዝኛው «ቶን ቦርድ» የሚለው ይህንኑ ነው።

ድምፁ የሚወለደው እንዲህ ነው። ትንፋሹ በቀፎው ውስጥ አልፎ ሲመጣ ምላሱን ወደ መደቡ ይጫነዋል፤ ምላሱ በመለጠጥ ኀይሉ ተመልሶ ይነሣል፤ እንደገናም ይጫናል። ይህ መርገብገብ አየሩን ይቆራርጠዋል፤ የተቆራረጠውም አየር በቦዩ በኩል ድምፅ ሆኖ ይወጣል። የሚርገበገበው የምላስ ክፍል ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲረዝም ይወፍራል። በአርካንሶ ስልት ምላሱ ቀጥ ያለ ሲሆን መደቡ ወደ ጫፉ እየጎበጠ ይወርዳል። በቴኔሲ በሪልፉት ሐይቅ አካባቢ በተለመደው ስልት ግን መደቡ ቀጥ ያለ ሆኖ የሚጎብጠው ከብረት የተሠራው ምላስ ነው። በሁለቱም ስልት ምላሱን ከመደቡ የሚያራርቅ ጉብጠት ግድ ያስፈልጋል። ጉብጠቱ ሲያንስ ምላሱ በጠንካራ ትንፋሽ ተጣብቆ ይቀራል፤ ሲበዛ ደግሞ ለማስጮኽ ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃል።

በዛሬዎቹ የአርካንሶ ስልት መጥሪያዎች ምላሱ ብዙውን ጊዜ ማይላር በሚል የንግድ ስም ከሚታወቀው የፖሊስተር ስስ ሉህ ይቆረጣል። ለባለ አንድ ምላስ መጥሪያ 0.014 ኢንች፣ ለባለ ሁለት ምላስ 0.010 ኢንች ውፍረት ያለው የተለመደ ነው። በሚሊ ሜትር ሲሰላ በግምት 0.36 እና 0.25 ይሆናል። እንዲህ የሳሳ ነገር በሚተኛበት ገጽ ላይ፣ ዐይን የማያየውን የጉብጠት ልዩነት ጆሮ ይሰማዋል።

3. መሪው የሚሠራው ሥራ

ይህን ጉብጠት በእጅ ብቻ ደጋግሞ አንድ ዓይነት አድርጎ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ሙያተኞች «ጅግ» ይጠቀማሉ። ዕቃው ትንሽ የብረት ጡብ ይመስላል። በመካከሉ ተሰኪው ልክክ ብሎ የሚገባበት ክብ ቀዳዳ አለው፤ የቀዳዳው ስፋት ብዙውን ጊዜ 5/8 ኢንች፣ ማለትም ወደ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የጡቡ ላይኛ ፊት በአንድ በኩል ተቆርጦ ዝቅ ያለ ሲሆን፣ የአቆራረጡ መስመር የምላስ መደቡ ሊኖረው የሚገባው ጉብጠት ራሱ ነው።

ሠራተኛው አስቀድሞ እንጨቱን ወይም አክሪሊኩን በቶርኖ አዙሮ ክብ ያደርገዋል፤ የአየር ቦዩንም በትራፓኖ ይበሳል። ከዚያ በኋላ ተሰኪውን በጡቡ ቀዳዳ አስገብቶ በብሎን ያጠብቀዋል፤ ጡቡን ደግሞ በሞርሳ ያስረዋል። ከጡቡ ፊት በላይ የተረፈውን አብዛኛውን ክፍል በመጋዝ ያነሣል፤ የቀረውን በሞረድ ይሞርዳል። ሞረዱ እንጨቱን እየበላ ይወርድና የጠነከረው ብረት ላይ ሲደርስ መብላቱን ትቶ ይንሸራተታል። እጁም በዚያ ያቆማል። ብረቱ በእሳት የጠነከረ እንዲሆን የሚፈለገው ስለዚህ ነው፤ ለስላሳ ቢሆን ሞረዱ መሪውን ራሱን እየበላው፣ መቶኛው መደብ ከመጀመሪያው የተለየ ይሆን ነበር።

እዚህ ላይ ሦስቱ ተግባሮች ተለይተው ይታያሉ። ቀዳዳውና ብሎኑ ይይዛሉ፤ የጡቡ ፊት ይመራል፤ በኋላ የሽብልቁን ማረፊያ ጥልቀት የሚያረጋግጠው ካሊፐር ይለካል። አንድ ዕቃ ሁለቱን ተግባር ቢያጣምርም ስሙን ሊያገኝ የሚገባው ከሌሎች በሚለየው ተግባሩ ነው። የሚለየው ደግሞ መምራቱ ነው። በመሐንዲሶች ዘንድም «ጅግ» ከ«ፊክስቸር» የሚለየው፣ ሁለተኛው ሥራውን ይዞ ሲቀር የመጀመሪያው የመቁረጫውን መሣሪያ መንገድ በመወሰኑ ነው።

4. ስለ ስያሜዎቹ

በአማርኛ የመሣሪያ ስም ከግስ የሚወጣበት የታወቀ መንገድ አለ፤ ከለካ «መለኪያ»፣ ከጠራ «መጥሪያ»፣ ከሰረሰረ «መሰርሰሪያ» ይወጣል። በዚሁ መንገድ ከመራ «መምሪያ» ይገኛል። ይህ ቃል ግን በመሥሪያ ቤት አከፋፈል ስለተያዘ ለብረት ጡብ ቢሰጥ አንባቢን ያደናግራል። «መሪ» የሚለው ስም በአንጻሩ ሰውንም ዕቃንም ሲሰይም የኖረ ነው፤ የመኪና መሪ የምንለው ለዚህ በቂ ምስክር ነው። «መሪ ቃል»፣ «መሪ ሐሳብ» በሚሉት አገባብ ደግሞ ሌላውን አስከትሎ የሚሄድ ነገር መሆኑን ያመለክታል። ስለዚህ «መሪ ቅርጽ» የሚለውን አጣምረናል። እንደ አስፈላጊነቱ «የሞረድ መሪ ቅርጽ»፣ «የመሰርሰሪያ መሪ ቅርጽ» ተብሎ ሊዘረዘር ይችላል። የመሰርሰሪያው መሪ ቀዳዳ እንጂ ቅርጽ የለውም የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን የቀዳዳዎቹ አቀማመጥና ርቀት ራሱ በሥራው ላይ የሚታተም ቅርጽ በመሆኑ ስሙ አይከፋበትም።

«ምላስ» በሚለው ላይም ሁለት አማራጮች ነበሩ። በአገራችን የታወቁት የትንፋሽ መሣሪያዎች ዋሽንት፣ እምቢልታና መለከት ናቸው። ዋሽንትና እምቢልታ ትንፋሹ በጠርዛቸው ላይ ሲሰነጠቅ፣ መለከት ደግሞ በነፊው ከንፈር መርገብገብ ይጮኻሉ። በሦስቱም ውስጥ ራሱን የቻለ የሚርገበገብ ምላስ ስለሌለ፣ ከጥንት የተወረሰ ስም ባይገኝ አያስደንቅም። እንግሊዝኛውን ቃል በቃል ተከትሎ «ሸምበቆ» ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ምላሱ ከብረትም ከፕላስቲክም ይሠራልና «የብረት ሸምበቆ» የሚል እርስ በርሱ የሚጣላ ስም ይወጣል። ከዚህም በላይ በሉዊዚያና መላ አካላቸው ከሸምበቆ የሚሠሩ መጥሪያዎች ስላሉ፣ ሸምበቆ የተባለው አካሉ ይሁን ምላሱ አይለይም። «ምላስ» ቅርጹንም እንቅስቃሴውንም ስለሚገልጽ መረጥነው።

«ቶን ቦርድ»ን «የድምፅ ሰሌዳ» ብሎ መተርጎም ቀላል ነው። ሆኖም ሰሌዳ ሲባል አንባቢ የሚያስበው የሚጻፍበትን ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ በአርካንሶ ስልት ደግሞ የዚህ ክፍል ዋና ጠባይ ጉብጠቱ ነው። ድምፁንም በቀጥታ የሚያወጣው የምላሱ መርገብገብ ነው። «መደብ» ግን የሚቀመጡበትና የሚተኙበት፣ ከወለል ከፍ ብሎ የተሠራ ቦታ መሆኑን የአገራችን ቤት የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ምላሱም በእርሱ ላይ ተኝቶ ይነሣል።

«ቀፎ» የተመረጠው «በርሜል» ትልቅ የፈሳሽ ማጠራቀሚያን ስለሚያስታውስ ነው። የባህላዊው የንብ ቀፎ ረዥምና ክብ፣ ውስጡም ባዶ ነው፤ ቃሉም «የስልክ ቀፎ» በሚለው ወደ ዕቃ አካል ከተሻገረ ቆይቷል። «ሞርሳ»፣ «ቶርኖ»ና «ትራፓኖ» ከጣልያንኛ የገቡ ቢሆኑም በሥራ ቤቱ አፍ ላይ ስለጸኑ አልነካናቸውም። ሠራተኛው የሚያውቀውን ስም ነጥቆ የማያውቀውን መስጠት የስያሜ ዓላማ አይደለም።

5. ልክ መጽናትና ልክ መሆን

ስለ መሪ ቅርጽ ሲነገር «ትክክለኛ» የሚለው ቅጽል ወዲያው ይከተላል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መሪ ቅርጹ የሚያረጋግጠው ሁሉም መደብ አንድ ዓይነት ሆኖ መውጣቱን ነው። የመሪው ጉብጠት ስሕተት ከሆነ ስሕተቱን በታማኝነት ይደግመዋል። እንግሊዝኛው ሁለቱን ጠባዮች በሁለት ቃላት ይለያል፤ በአማርኛ ግን «ልክ» የሚለው ቃል መጠንንም እውነትንም ስለሚያመለክት ይደባለቃሉ። «ልበ ሙሉ»፣ «እጀ ሰፊ» በሚሉት አሠራር «ልከ ጽኑ» ብንል፣ ልኩ የማይዋዥቅ ማለት ይሆናል። «ትክክለኛ» የሚለው ደግሞ ለታሰበው ግብ ለደረሰው ይቀራል። ልከ ጽኑ መሪ ቅርጽ ሁልጊዜ ትክክለኛ መሪ ቅርጽ ነው ማለት አይደለም።

ይህ ልዩነት «በእጅ የተሠራ» የሚለውንም ሐረግ ለመተርጎም ይረዳል። ተሰኪው ከመሪው ከወጣ በኋላ ሠራተኛው መደቡን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ምላሱንና ሽብልቁን አስገብቶ ይነፋል፤ ሰምቶ ጥቂት ይፍቃል፤ ደግሞ ይነፋል። ልኩ የጸናው በመሪው ነው፤ ትክክለኛነቱን የሚፈርደው ጆሮ ነው። መደቡን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ማሽን ሲቆርጠው ግን መቁረጫውን የሚመራው ትእዛዙ ስለሆነ፣ የሚመራ እጅ የለም፤ መሪ ቅርጽም አያስፈልግም። ገዢ «በእጅ የተሠራ ነውን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ መሪ ቅርጽ መጠቀም መልሱን ወደ «አይደለም» አይለውጠውም። የሚመራ ነገር ካለ የሚመራም እጅ አለና።

6. ለመዝገበ ቃላት የቀረቡ ፍችዎች

መሪ ቅርጽ፣ ስም፦ የመቁረጫ፣ የመሞረጃ ወይም የመብሻ መሣሪያ የሚሄድበትንና የሚቆምበትን መንገድ በራሱ ቅርጽ የሚወስን፣ ተመሳሳይ ሥራዎችን ደጋግሞ ለማውጣት የሚያገለግል ዕቃ።

መያዣ፣ ስም፦ የሚሠራውን ነገር በቦታው አጽንቶ የሚይዝ፣ የመሣሪያውን መንገድ ግን የማይወስን ዕቃ።

ልከ ጽኑ፣ ቅጽል፦ በተደጋገመ ቁጥር ልኩ የማይለዋወጥ።

ምላስ፣ ስም፣ በትንፋሽ መሣሪያ፦ በአየር ግፊት እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣ ስስ አካል።

የምላስ መደብ፣ ስም፦ ምላሱ የሚያርፍበትና እየተጫነ የሚነሣበት፣ የአየር ቦይ ያለው ገጽ።

ተሰኪ፣ ስም፦ የምላስ መደቡን ተሸክሞ ወደ ቀፎ የሚገባ የመጥሪያ ክፍል።

እነዚህን ስሞች ስናቀርብ ዳክዬ የሚያድን አንባቢ ብዙ ይገኛል ብለን አይደለም። በር የሚሠራው አናጢ፣ ቧንቧ የሚበሳው ብረት ሠራተኛ፣ በሙያ ትምህርት ቤት መመሪያ የሚያዘጋጀው መምህር በየቀኑ ከመያዣ፣ ከመሪና ከመለኪያ ጋር ይገናኛሉ። የቀረቡት ቃላት በእነርሱ ሥራ ቤት ተፈትነው የሚሻል ስም ቢገኝ፣ በሠራተኛው አፍ የጸናው ከእኛ ጥምር ይቀድማል።