ከቡና በፊት የምትዋጥ ኪኒን

ሌቮታይሮክሲን በጣም ትንሽ ኪኒን ናት። በውስጧ ያለው መድኃኒት 25፣ 50 ወይም 100 ማይክሮግራም ነው፤ 100 ማይክሮግራም ማለት ደግሞ የአንድ ግራም አሥር ሺህኛ ነው። የታይሮይድ ሆርሞን ያነሰበት ሰው ግን ዕድሜ ልኩን በየቀኑ ይፈልጋታል። ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ፣ ኪኒኗን ከሚወስዱት መካከል «እኔ ላይ አልሠራችም» የሚል አይጠፋም። ድካሙ እንዳለ ነው፣ ብርዱ እንዳለ ነው፣ ፀጉሩም መርገፉን አልተወም። ብዙውን ጊዜ መፍትሔ የሚሆነው መጠኑን መጨመር ነው፤ ካልሆነም ደግሞ መጨመር። እኔ ግን ከዚያ በፊት መቅደም ያለበት ጥያቄ አለ ብዬ አምናለሁ፦ ኪኒኗ በስንት ሰዓት፣ በምን፣ ከምን ጋር ትዋጣለች?

ታይሮይድ ከማንቁርት ዝቅ ብሎ የአየር ቧንቧውን አቅፎ የተቀመጠ፣ 20 ግራም ገደማ የሚመዝን እጢ ነው። ከደም ውስጥ አዮዲን እየለቀመ ቲ4 እና ቲ3 የሚባሉ ሆርሞኖችን ይሠራል፤ ቁጥሮቹ በእያንዳንዱ ሆርሞን ውስጥ ያሉትን የአዮዲን አተሞች ያመለክታሉ። የልብ ምት፣ የአንጀት እንቅስቃሴ፣ የሰውነት ሙቀት፣ የወር አበባ፣ የማስታወስ ችሎታ ሁሉም ከእነዚህ ሆርሞኖች ጋር የተያያዙ ናቸው። ሲያንሱ ሰው በጠራራ ፀሐይ ይበርደዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ፊቱ ያብጣል፣ ድምፁ ይጎረንናል፣ ሳይበላ ይወፍራል፣ የጀመረውን ወሬ መሐል ላይ ይረሳል። እያንዳንዱ ምልክት ለብቻው ሲታይ የኑሮ ድካም ስለሚመስል በሽታው ሳይታወቅ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

በእኛ አገር ታይሮይድ ሲነሳ ቀድሞ የሚታሰበው እንቅርት ነው። ያለምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ የአገሪቱ ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ወልቂጤና ቡታጅራ ያኔ የሚገኙበት የደቡብ ክልልም ቁጥሩ ከፍ ካለባቸው አንዱ ነበር። ዋናው ምክንያት የአዮዲን እጥረት ነው። ቀድሞ አዮዲን የተጨመረበት ጨው ከኤርትራ ይመጣ ነበር። የሁለቱ አገሮች ጦርነት ያንን መስመር ሲዘጋው ገበያው ወደ አፍዴራ ዞረ፤ አዮዲን የሌለው ጨውም ለዓመታት በየቤቱ ገባ። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። በዚያው ዓመት በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ ገደማ በሚሆኑ ቤቶች ብቻ ሲሆን፣ በ2016 ወደ 89 በመቶ ከፍ ብሏል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሊመሰገን ይገባል።

ጨው ግን ሁሉንም አይፈውስም። የሰውነት መከላከያ ራሱ ታይሮይዱን ሲያጠቃው የሚመጣ በሽታ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1912 በገለጸው ጃፓናዊ ሐኪም ስም ሀሺሞቶ ይባላል። በቀዶ ሕክምና እንቅርቷ የወጣላት ሴትም አለች። ሙሉ እጢው ከወጣ ምንም ያህል አዮዲን ብትበላ ሆርሞኑን የሚሠራላት አካል የለም። በሌላ በኩል አንገቱ ያበጠ ሁሉ ሆርሞን አነሰው ማለት አይደለም፤ አንገቱ ላይ ምንም የማይታይበት ሰው ደግሞ ክፉኛ ሊያንሰው ይችላል። ጎመንን በሚመለከትም አንድ ነገር ልበል፤ «ታይሮይድ ስላለብሽ ጎመን እንዳትቀምሺ» የተባለች ሴት ክትፎዋን ያለጎመን ስትበላ ማየት ያሳዝናል። በቂ አዮዲን የሚያገኝና መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው የበሰለ ጎመን በልክ ቢበላ አይጎዳውም።

መድኃኒቱ ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1891 እንግሊዝ አገር ኒውካስል ውስጥ ጆርጅ ሙረይ የተባለ ሐኪም፣ ሆርሞን በማነሱ የታመመች የ46 ዓመት ሴት ከበግ ታይሮይድ በተጨመቀ ፈሳሽ ማከም ጀመረ። ሴትዮዋ ድና እ.ኤ.አ. እስከ 1919 ኖረች፤ በ74 ዓመቷ እስክታርፍ ድረስ የተጠቀመችበት መድኃኒት ከ870 በላይ በጎች ታይሮይድ ፈጅቷል። ዛሬ ኪኒኗ በፋብሪካ ትሠራለች፤ ሰውነት ራሱ ከሚያመርተው ቲ4 አትለይም። ስለዚህ «አልሠራችም» ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወደ ደም አለመድረሷ ነው።

የሆርሞኑ ማነስ ከምልክቶቹ ባሻገር የሚታወቀው ቲኤስኤች በሚባለው የደም ምርመራ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም የዚህን ውጤት ሲያነብ ነው። ቲኤስኤች የሚመነጨው አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ከምትባል እጢ ሲሆን፣ ሥራው ታይሮይድን ማዘዝ ነው። የተላከ ልጅ ሲዘገይ እናት ድምጿን ከፍ እያደረገች እንደምትጠራው፣ ታይሮይድ ሲሰንፍ ቲኤስኤች ይጨምራል። ወረቀቱ ላይ «ከፍ ብሏል» የሚል ያየ ሰው «በዝቶብኛል» ብሎ ኪኒኑን ካቆመ ነገሩን ገልብጦ ተረድቶታል። ሌላው ስህተት ትዕግሥት ማጣት ነው። በደም ውስጥ ያለው ቲ4 በግማሽ ለመቀነስ ሰባት ቀን ገደማ ስለሚፈጅበት፣ የአዲስ መጠን ውጤት በትክክል የሚታየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ተመርምሮ «ለውጥ የለም» ማለት ትርፉ ገንዘብ ማባከን ነው። ፀጉር ለሚረግፍበት ሰው የሚሸጡት ባዮቲን ያለባቸው ቫይታሚኖችም በአንዳንድ መሣሪያዎች ላይ ውጤቱን ያዛባሉና፣ ከምርመራው ሁለት ቀን አስቀድሞ ማቆም ይገባል።

አሁን ወደ ማለዳው እንምጣ። መድኃኒት ቤት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ንግግር መስማት አዲስ አይደለም፦

«እማማ፣ ኪኒኗን በምን ነው የሚውጧት?»

«በቡና ነዋ ልጄ! ጠዋት ሌላ ምን አለ?»

ችግሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የጣሊያን ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት፣ ኪኒኗ ከቡና ጋር ስትወሰድ አንጀት የሚመጠው መጠን እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጣሊያኖቹ የመረመሩት በትንሽ ስኒ የሚጠጣውን ኤስፕሬሶ ነው፤ እኛ ዘንድ አቦል አለ፣ ቶና አለ፣ በረካ አለ። ቀጥሎ ቆጮው ይቀርባል፣ አይቡ ይከተላል። ምግብ በጠቅላላው የኪኒኗን መንገድ ይዘጋል፤ እንደ አይብና ወተት ያለ ካልሲየም የበዛበት ምግብ ደግሞ የበለጠ። በዚህ መሐል የምትዋጥ ኪኒን መጠኗ 100 ቢባልም ደም ውስጥ የሚገባው ከዚያ በብዙ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ ይህን ሳያውቅ 125 ያደርገዋል። ቡናው ለሳምንታት ሲቀር ደግሞ ሙሉው መጠን ይገባና ልብ በፍጥነት መምታት ይጀምራል።

ቡናን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ እንደዚያ ብሎ የሚሰማው ሰው በጉራጌ ምድር አይገኝም። ይልቅስ የራሳችን ቡና አፈላል መፍትሔውን ይዞልናል። ከተማ ውስጥ በማሽን የሚፈላ ቡና በደቂቃ ይደርሳል፤ የጀበና ቡና ግን ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበና ገብቶ እስኪፈላና አተላው እስኪሰክን ጊዜ ይወስዳል። ከሰሉ ሲቀጣጠል ኪኒኗን በንጹሕ ውኃ የዋጠ ሰው አቦሉ እስኪቀዳለት የሚያስፈልገውን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያገኛል። ኪኒኗ ከክብሪቱ አጠገብ ብትቀመጥ አትረሳም፤ ከምድጃው ሙቀት ግን ራቅ ትበል። ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መቆየት ኃይሏን ይቀንሰዋል፤ እርጥበትና ብርሃንም እንዲሁ። ከማሸጊያዋ ወጥታ በፌስታል ተቋጥራ መስኮት ላይ የምትቀመጥ ኪኒን ብዙ ልትጠበቅ አይገባም።

ከቡናው ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ የሌላ ኪኒን ነገር ነው። ነፍሰ ጡር እናት በክትትል ላይ አይረን ይሰጣታል፤ ታይሮይዷ ካነሰ ሌቮታይሮክሲንም ትወስዳለች። ሁለቱን አንድ ላይ ከዋጠቻቸው አይረኑ ሆርሞኑን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ሆርሞኑ ከምንጊዜውም በላይ በሚያስፈልግበት ወቅት ነው፤ በእርግዝና ጊዜ ፍላጎቱ በሦስተኛ እጅ ገደማ ይጨምራል፣ የፅንሱ አንጎልም በመጀመሪያዎቹ ወራት የእናቱን ሆርሞን ይጠብቃል። እንቅርቷ በቀዶ ሕክምና የወጣላት ሴትም ካልሲየም ይታዘዝላታል፤ የካልሲየሙም ነገር ያው ነው። በሁለቱም በኩል የአራት ሰዓት ልዩነት ይበቃል። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ሳይነገር ይቀራል።

የጨጓራውን ነገርማ ማን ያጣዋል? ኪኒኗ እንድትሟሟ የጨጓራ አሲድ ያስፈልጋታል። ኦሜፕራዞል በወር በወር እየገዛ የሚውጥ ሰው አሲዱን ቀንሶታል። በጣሊያን የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ሌላ ጥናት፣ በኤች ፓይሎሪ ባክቴሪያ ወይም በግድግዳው መሳሳት ጨጓራቸው የተጎዳ ሕመምተኞች ከሌሎች ከ22 እስከ 34 በመቶ የበለጠ ሆርሞን እንዳስፈለጋቸው አሳይቷል። ባክቴሪያው እኛ ዘንድ በጣም የተስፋፋ ነው። ስለዚህ መጠኑ እየጨመረ ቲኤስኤች አልወርድ ያለ ሰው ጨጓራውን መመርመር አለበት። ሰገራውም ይታይ፤ የቆየ ጃርዲያም አንጀት እንዳይመጥ ያደርጋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፊኖባርቢታል፣ ፊኒቶይንና ካርባማዜፒንም ሆርሞኑን ቶሎ ከሰውነት ያስወጡታል፤ እነዚህን የሚወስድ ሰው መጠኑ በእርግጥ መጨመር ሊኖርበት ይችላል።

ጾሙም የራሱ አለው። በረመዳን ከሱሁር በፊት ግማሽ ሰዓት ቀድሞ መነሳት፣ ወይም ከመጨረሻው ምግብ ሦስት ሰዓት ቆይቶ በመኝታ ሰዓት መዋጥ ይቻላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ክርስቲያንም የሌሊቱ ሰዓት ይሠራለታል። መስቀልን ለማክበር ከአዲስ አበባ አገሩ የሚገባ ሰው ኪኒኑን ቢረሳ አንድ ቀን ትልቅ ጉዳት አያመጣም፤ ሁለት ሳምንት ግን ያመጣል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ፣ ቲኤስኤችም ልክ ሆኖ፣ ሰውየው አሁንም ሲደክመው ምን ይባላል? «ወረቀትህ ደህና ነው» ብሎ መሸኘት ተገቢ አይመስለኝም። የደም ማነስ፣ የቢ12 እጥረት፣ ስኳር፣ የእንቅልፍ ችግር ተመሳሳይ ድካም ያመጣሉ። ድብርትም እንዲሁ። ቡታጅራ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የገጠር ጤና ምርምር ጣቢያ ሆና፣ በአእምሮ ሕመም ላይ የተደረጉ ሰፊ ጥናቶች መነሻ ነበረች፤ በዚያች ከተማ ድብርትን ጠርጥሮ መጠየቅ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም።

አንድ ሁኔታ ግን ለብቻው ይነገር። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ፒቱታሪዋ ደም አጥታ ልትጎዳ ትችላለች፤ ሺሃን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1937 የገለጸው ሕመም ነው። ጡቷ ወተት አይሰጥም፣ የወር አበባዋ አይመለስም፣ ይደክማታል፣ ይበርዳታል። ቲኤስኤች ብቻ ቢታይ ልክ ወይም ዝቅተኛ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱም አዛዧ ራሷ ተጎድታለች። ነጻ ቲ4 እና ኮርቲሶል የተባለው ሌላ ሆርሞን መታየት አለባቸው። ኮርቲሶሉ ሳይተካ ሌቮታይሮክሲን ብቻ ቢጀመርላት ሕይወቷን አደጋ ላይ ይጥላል። ኪኒኗን ከጀመረ በኋላ የሚያስመልሰው፣ ሲነሳ የሚያዞረውና ክብደቱ የሚቀንስ ማንኛውም ሰው ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይመለስ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥቂቶች ይቀራሉ። ለእነሱ ቲ3 ከቲ4 ጋር ተደምሮ ይሰጥ የሚል ክርክር ከ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አልበረደም። በዚያ ዓመት የወጣው ትንሽ ጥናት ጥቅም አሳይቶ ነበር፤ በኋላ የተደረጉት አብዛኞቹ አልደገሙትም፣ ሆኖም ለአንዳንድ ሰዎች በስፔሻሊስት ክትትል መሞከር ክልክል አይደለም። ቲ3 ከውጭ በዘመድ አስልኮ በራስ ፈቃድ መጀመር ግን ልብን ያናጋል፣ አጥንትንም ያሳሳል።

የሆርሞን ስፔሻሊስት ፍለጋ ከወልቂጤ 155፣ ከቡታጅራ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ከነካርቶናቸው ይያዝ፤ የጨጓራውም፣ የአይረኑም፣ ከሱቅ የገዛው ቫይታሚንም ይቆጠራል። የኪኒኗ ፋብሪካ በቅርቡ ተቀይሮበት እንደሆነ ይናገር፤ ከተቀየረ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንደገና መመርመር ያስፈልጋልና። የድሮ የላቦራቶሪ ወረቀቶቹን በቀን ቅደም ተከተል ያድርጋቸው። በዕለቱም ደሙ እስኪቀዳ ድረስ ኪኒኗን ሳይውጥ ይጠብቅ።