የወርቅ ቤት ውርስና አዲስ ንድፍ

ሙያውን ከአባት ወደ ልጅ እያስተላለፈ የኖረ የቤተሰብ ወርቅ ቤት አዲስ ንድፍ ሲያወጣ የሚመዘነው የአያቶቹን ቅርጽ በመጠበቁ ወይም በመተዉ ሳይሆን፣ በቅይጡና በብየዳው ላይ በሚያሳየው ጥንቃቄ ነው። የላሊበላን ወይም የጎንደርን መስቀል ቅርጽ ማንም ከሥዕል ገልብጦ በማሽን ሊያወጣው ይችላል፤ እሳት የነካው ሽቦ ሊቀልጥ ሲቃረብ ቀለሙን አይቶ መለየት ግን ብዙ ዘመን ከምድጃ አጠገብ ተቀምጦ የሚገኝ ዕውቀት ነው።

በኢትዮጵያ አንጥረኝነት፣ ማለትም ወርቅና ብር እያቀለጡ ጌጥ የመሥራት ሙያ፣ በቤተሰብ ውስጥ ተወስኖ የቆየው አንድም የሙያው ምስጢር ስለሚጠበቅ፣ አንድም ባለእጅ ይናቅ ስለነበረ ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ይመሰክራል። የእነዚህ ቤተሰቦች ዋነኛ ጥሬ ዕቃ ለረጅም ዘመን ጠገራ ብር ነበረ፤ ይህም በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የታተመበት፣ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የኦስትሪያ ገንዘብ ሲሆን፣ ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ የብር ይዘቱም ከሺህ 833 እጅ ነው። ዛሬ በዓለም ገበያ የተለመደው የጌጥ ብር ከሺህ 925 እጅ ንጹሕ በመሆኑ፣ አንድ ጠገራ ብር ወደዚህ ደረጃ እንዲደርስ 34 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ሊጨመርበት ይገባል። ይህን ስሌት የዘለለ ቤት ንድፉ ቢያምርም የሚሸጠው ከተናገረው ያነሰ ነው።

የእጅ ሥራው ከፍተኛ ደረጃ የሚታየው በቀጭን ሽቦ ጌጥ ላይ ነው። ብሩ ቀዳዳዎቹ እየጠበቡ በሚሄዱበት የብረት ሰሌዳ ውስጥ እየተሳበ ይቀጥናል፤ ከዚያም ሁለት ክር አንድ ላይ ተገምዶ በመጠኑ ይዳመጥና ጠርዙ እንደ ጥቃቅን ፍሬ ይሆናል። ይህ ሽቦ በወረንጦ እየተጠቀለለ ወፈር ባለ ሽቦ በተሠራ ክፈፍ ውስጥ ይደረደርና፣ መጋጠሚያውን ከዝገት የሚከላከለው ቦራክስ ከተቀባ በኋላ፣ ከብሩ ባነሰ ሙቀት የሚቀልጥ የመበየጃ ቅይጥ ዱቄት ይነሰነስበታል። እሳቱ መበየጃውን አቅልጦ ሽቦውን ሳይነካ መነሣት ስላለበት፣ ጥቂት ከዘገየ የብዙ ሰዓት ሥራ በአንድ ጊዜ ተጨማትሮ ይቀራል።

አዲሱ የማሽን ዘዴ ደግሞ ንድፉን በኮምፒዩተር አውጥቶ በሰም ያትማል፤ ሰሙም በጄሶ ተከቦ በምድጃ ሲቀልጥ በለቀቀው ቦታ ብሩ ይፈስሳል። ይህ ዘዴ ለቀለበት አካል፣ ለመቆለፊያና ለማጠፊያ እጅግ ተስማሚ ነው፤ ልኩ አይዛነፍም፣ ጥንዱም እኩል ይወጣል። የሽቦ ሥራን አስመስሎ ለማፍሰስ ሲሞከር ግን ክፍተቶቹ ይደፈናሉ፣ ጌጡ ይከብዳል፣ ጉትቻም ከሆነ ጆሮ ይጎትታል። ስለዚህ አስተዋይ ቤት ክፈፉንና መቆለፊያውን ለማሽን ሰጥቶ ውስጡን በእጅ ይሞላል፤ የአያቶቹን ንድፍም እንደ ዘመኑ ልብስ ለማሳነስ፣ ለማቅለል ወይም ግማሹን ብቻ ለመውሰድ አይፈራም።

ሌላው ፈተና የወረሱትን ድሪ ወይም አምባር አቅልጠው በአዲስ መልክ ማሠራት የሚፈልጉ ደንበኞች ናቸው። 21 ካራት፣ ማለትም ከ24 እጅ 21ዱ ወርቅ ነው የተባለ ጌጥ ብዙ ጊዜ በዝቅተኛ መበየጃ ከተጠገነ፣ ሲቀልጥ ከተባለው ካራት ዝቅ ብሎ መገኘቱ አይቀርም። ይህንን ከማቅለጡ በፊት የማይናገር ቤት ኋላ በሚዛን ላይ ጠብ ይገዛል፤ ከዚህም በላይ ብየዳዎቹን የሠራው እጅ አሻራ አብሮ ይጠፋል። ከተቻለ አሮጌውን ሳያቀልጡ በአዲስ ሰንሰለት ላይ ማዋል ይሻላል።

ስለዚህ ገዢ ከንድፉ ውበት አስቀድሞ ስለ ካራቱ፣ ስለ ክብደቱና ጌጡ ሲሰበር ሊጠገን ስለ መቻሉ ይጠይቅ፤ ለእነዚህ ሦስቱ ያለ ማመንታት መልስ የሚሰጥ ቤት በእርግጥ ሙያውን ወርሷል።