የባሕር በረዶ ሲዘገይ የሰሜን ዋልታ ዐውሎ ነፋስ ለምን ይከፋል?

ሺሽማሬፍ በአሜሪካዋ የአላስካ ግዛት፣ በቹክቺ ባሕር ዳርቻ በምትገኝ ጠባብ ደሴት ላይ የተቆረቆረች መንደር ናት። ስድስት መቶ የሚጠጉት ነዋሪዎቿ ኑሯቸው በአብዛኛው በአደንና በዓሣ ማስገር ላይ የተመሠረተ ነው። እ.አ.አ በጥቅምት 1997 የተነሣው ዐውሎ ነፋስ የደሴቷን ዳርቻ ቦርቡሮ በመውሰዱ በርካታ ቤቶች ከቦታቸው እንዲነሡ ተደርጓል። በ2016 ደግሞ ነዋሪዎቹ ድምፅ ሰጥተው መንደራቸው ወደ ሌላ ስፍራ እንድትዛወር በጠባብ ልዩነት ወስነዋል።

ዐውሎ ነፋስ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። አዲሱ ነገር ባሕሩ በረዶ ሳይለብስ የሚቆይበት ጊዜ መርዘሙ ነው።

ቀደም ሲል ብርዱ ሲገባ የባሕሩ ገጽ ቶሎ ይረጋ ነበር። የረጋው በረዶ ነፋስ ውኃውን እንዳያናውጥ እንደ ክዳን ያገለግላል፤ ከሩቅ የሚመጣውንም ማዕበል ያበርዳል። ነገሩ ሣርና ቁጥቋጦ የለበሰ ተዳፋት የዝናብን ኃይል እንደሚቀንስ፣ የተራቆተ መሬት ግን በመጠነኛ ዝናብም እንደሚሸረሸር ነው። በረዶው ሲዘገይ ያው ነፋስ ሰፊውን ክፍት ውኃ እያናወጠ ከፍ ያለ ማዕበል ወደ ዳርቻው ይገፋል። ለዘመናት በቅዝቃዜ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ የኖረው የዳርቻው አፈርም እየቀለጠ በመላላቱ ምቱን መቋቋም ይሳነዋል።

የአርክቲክ አካባቢ ከ1979 ወዲህ ከዓለም አማካይ አራት እጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት መሞቁን ጥናቶች ያመለክታሉ። ነጩ በረዶ አብዛኛውን የፀሐይ ብርሃን መልሶ ሲያንጸባርቅ፣ ጠቆር ያለው ውኃ ግን ሙቀቱን ይመጥጣል። የተጠራቀመው ሙቀት ፀሐይ ስትዳከም ከእርጥበት ጋር ወደ አየር ይመለስና ለዐውሎ ነፋስ ጉልበት ይሆናል። አየር በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሞቀ ቁጥር እርጥበት የመሸከም ዐቅሙ በ7 በመቶ ገደማ ያድጋል።

ዐውሎ ነፋሱም በተራው በረዶውን ይጎዳል። በነሐሴ 2012 በአርክቲክ ውቅያኖስ ላይ የነፈሰው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ የሳሳውን በረዶ ሰባብሮታል። በቀጣዩ ወር የበረዶው ስፋት ወደ 3 ነጥብ 4 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ወርዶ፣ በሳተላይት መለካት ከተጀመረ ወዲህ ዝቅተኛው ሆኖ ተመዝግቧል። ይሁንና በረዶው አስቀድሞ ሳስቶ ስለነበር ባለሙያዎች ጥፋቱን ለዐውሎ ነፋሱ ብቻ አይሰጡትም።

ይህ ማለት ግን የዐውሎ ነፋሶች ቁጥር የግድ ይጨምራል ማለት አይደለም። በዋልታውና በሞቃታማው የምድር ክፍል መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት መጥበቡ ከጉልበታቸው ከፊሉን ሊቀንስ ይችላል። በመሆኑም ሳይንቲስቶች በብዛታቸው ላይ ገና አንድ ድምዳሜ ላይ አልደረሱም። በረዶ የራቀው ዳርቻ ለጉዳት ይበልጥ መጋለጡ ግን አያከራክርም።

የሺሽማሬፍ ነዋሪዎች ዛሬም በዚያችው ደሴት ይኖራሉ። ዳርቻዋን የሚከላከል የድንጋይ ካብ ቢሠራላቸውም፣ መንደር ለማዛወር የሚጠይቀው ወጪ ከዐቅማቸው በላይ ሆኗል። ብርዱ በገባ ቁጥር ጭንቀታቸው አንድ ነው፤ በረዶው ወይስ ዐውሎ ነፋሱ ይቀድም ይሆን?