ለነጭ ዓሣ የትኛው ቀለም? የጣና አስጋሪዎች ሊያውቁት የሚገባ

ጎሕ ሲቀድ በጣና ዳርቻ የደንገል ታንኳዎች አንድ በአንድ ወደ ባሕር ዳር ይመለሳሉ። አብዛኞቹ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ያደረ መረብ አንስተው የሚመጡ ናቸው። ከመካከላቸው ግን አንድ ወጣት አስጋሪ መረብ የለውም። የያዘው የናይለን ክር፣ መንጠቆና ከአሮጌ ማንኪያ የተሠራች ጣት የምታህል የሐሰት ዓሣ ነው።

ወጣቱ እንዳጫወተን መጀመሪያ የገዛት ማባበያ ደማቅ ቀይ ነበረች። ለዓይን ብታምርም ሳምንት ሙሉ ቢጥላት አንድም ዓሣ አልነካትም። ክሩን ጠቅልሎ ወደ መረብ ሊመለስ ሲል አንድ አዛውንት አስጋሪ፣ ከመወርወርህ በፊት የምትፈልገው ዓሣ ምን እንደሚበላ እወቅ ብለው መከሩት። ከጎረቤቱ መረብ የወጣውን ነጭ ዓሣ ሆድ ከፍቶ ሲያይ ያገኘው የታኘኩ ትንንሽ ዓሦችና ብርማ ቅርፊት ነው። ከዚያ በኋላ ማንኪያውን ሞርዶ፣ ጀርባውን አጥቁሮ፣ ጎኑን ብርማ እንዳለ ተወው። መንጠቆው ዓሣ መያዝ የጀመረው ያኔ ነው።

አዛውንቱ የሰጡት ምክር ሳይንስም የሚደግፈው ነው። ጣና ውስጥ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ቢያንስ 15 የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። የሚያድኑትም በአብዛኛው ርዝመታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ትንንሽ ዓሦችን ነው። ከእነዚህ አንዱ ክፍት የሐይቅ ውኃ ላይ በመንጋ የሚኖር ብርማ ዓሣ ሲሆን፣ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ ለሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ በ2000 ነው። ሌላው የቅርብ ዘመዱ ወደ ዳርቻው ይቀርባል።

ነጭ ዓሣ አፉ ላይ ጥርስ የለውም። የያዘውን የሚያደቀው ጉሮሮው ውስጥ ባሉ ጥርሶች ስለሆነ ትልቅና ሰፊ ዓሣ አይመቸውም። ስለዚህ ማባበያው ቀጭን፣ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ቢሆን ይመረጣል። ቀለም የሚታሰበው መጠኑና ቅርጹ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ትንንሾቹ ዓሦች ጀርባቸው የጠቆረ፣ ጎናቸው ብርማ፣ ሆዳቸው ነጣ ያለ ነው። ይህ መልክ መደበቂያቸው ነው። ከላይ ሲታዩ ከጠቆረው ውኃ፣ ከታች ሲታዩ ከብሩህ ሰማይ ጋር ይመሳሰላሉ። አዳኙ የሚያያቸው ሲገላበጡ ጎናቸው ብልጭ ሲል ነው። ማባበያውም ሲጎተት እየተወላገደ ብልጭ ድርግም ማለት አለበት።

ይሁን እንጂ አንድ ቀለም ዓመቱን ሙሉ አያገለግልም። በክረምት ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ብዙ ደለል ይዘው ወደ ጣና ይገባሉ። ውኃው ቡናማ ሲሆን ብርሃን ሩቅ አይደርስም፤ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ቀድሞ ሲጠፋ ቢጫ፣ ብርቱካናማና የመዳብ ቀለም የተሻለ ይታያል። በጠራ ውኃ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ቀይ ቀለም ጥቂት ሜትር ወርዶ ይጠቁራል። የወጣቱ ቀይ ማባበያ ጥልቅ ውኃ ውስጥ ቀይነቷ ቀርቶ ጥቁር ጥላ ሆና ነበር ማለት ነው።

የውኃውን ጥራት ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ነጭ ሳህን በገመድ አስሮ ቀስ እያሉ ማውረድና የሚሰወርበትን ጥልቀት ማየት ይበቃል።

ሳህኑ ከአንድ ክንድ በፊት ከተሰወረ ውኃው ድፍርስ ነው። ቢጫ፣ ብርቱካናማ ወይም መዳብማ ማባበያ ይጠቀሙ፤ ትንሽ ተለቅ ያለና ሲጎተት ውኃውን የሚያንቀጠቅጥ ይሁን።

ሳህኑ ከአንድ ክንድ በታች ርቆም ከታየ ጀርባው የጠቆረ፣ ጎኑ ብርማ የሆነውን ይምረጡ። በጣም ደማቅ ቀለም ዓሣውን ሊያስበረግገው ይችላል።

ጎሕ ሲቀድና ሲመሻሽ ዓሣው ከታች ወደ ላይ ሲመለከት የሚያየው ጥላ ስለሆነ ጥቁር ማባበያ ጎልቶ ይታያል።

አሠራሩም ቀላል ነው። የማንኪያውን እጀታ ቆርጦ ጠርዙን መሞረድ፣ ሁለቱን ጫፎች መብሳት፣ በአንዱ ክሩን በሌላው መንጠቆውን ማሰር ነው። ጀርባውን በጥፍር ቀለም መቀባት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ቀረሶ በአብዛኛው አልጌና የውኃ ዕፅዋት ስለሚመገብ በዓሣ መልክ በተሠራ ማባበያ አይታለልም። አምባዛ ደግሞ ምግቡን የሚፈልገው በአብዛኛው በሌሊት፣ በሽታና በሪዙ እየዳሰሰ ነው። ለእሱ ከቀለም ይልቅ የሥጋ ወይም የዓሣ ቁራጭ ይሻላል።

በእርግጥ መንጠቆ የመረብን ያህል አያስገኝም። ታዲያ ስለ እሱ ማውራት ለምን አስፈለገ? መልሱ ያለው ነጭ ዓሣ የደረሰበት ሁኔታ ላይ ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች እንቁላል ለመጣል ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ። ከዚያ በፊት ወንዝ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ መረብ የሚጠብቃቸውም እዚያው ነው። በሞተር ጀልባ የታገዘ የመረብ ማስገር በጣና ከተጀመረ እ.ኤ.አ ከ1980ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ በ1991 እና በ2001 የተደረጉ ጥናቶች ሲነጻጸሩ የትልልቆቹ ነጭ ዓሦች ክብደት በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋ ቀንሷል።

መረብ እንቁላል የያዘችውን ከሌላው አይለይም፤ እስኪነሳም ብዙውን ጊዜ ትሞታለች። በመንጠቆ የተያዘች ግን በሕይወት ትወጣለች። የመንጠቆውን የኋላ ሾህ በፒንሳ ደፍጥጦ፣ እጅን አርሶ፣ ቶሎ ወደ ውኃ መመለስ ይቻላል። በመራቢያ ወራት ደግሞ ከወንዝ አፍ መራቅ የተሻለ ነው።

ወጣቱ አስጋሪ በነገረን መሠረት ባለፈው ክረምት ሆዷ የተነፋ ትልቅ ነጭ ዓሣ ይዞ ነበር። ለዕለቱ ጉርስ የሚበቃ ገንዘብ ታወጣለት ነበር፤ እሱ ግን ለቀቃት። ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱ ያሰበው ልጆቿ አድገው መንጠቆው ላይ የሚመጡበትን ዓመት ነው። ጣና የሁላችንም ጎተራ ነውና ዘሩን ሳንበላ እንጠቀምበት እንላለን።