የልጅ ኪሎና የማደንዘዣ መድኃኒት

 

በጎጃም ደጋ፣ ከደብረ ማርቆስ እስከ ሮብ ገበያ፣ ከደጀን እስከ ሞጣ፣ ጤፉን ሳያስመዝን የሚሸጥ ገበሬ የለም። ነጋዴው በግማሽ ኪሎ ቢያጎድልበት ይጣላል። እስቲ አሁን እንጠይቅ፦ ልጁ ስንት ኪሎ እንደሚመዝን የሚያውቅ አባት ስንት ነው? የምታውቅ እናትስ?

«ልጅ እንደ እህል አይሸጥ፣ ክብደቱ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። ልጁ ታሞ ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልገው ግን ያ ቁጥር ሕይወቱን የሚጠብቅ ቁጥር ነው። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚሁ ነው።

ማደንዘዣ ምንድን ነው?

ሐኪም ሰውነትን ከመቅደዱ በፊት ሕመም እንዳይሰማ የሚሰጠው መድኃኒት ማደንዘዣ ይባላል። አንዳንዱ አንድ ቦታ ብቻ ያደነዝዛል። አንዳንዱ ደግሞ መላ ሰውነትን ያስተኛል። ይህ እንቅልፍ ግን የሌሊት እንቅልፍ አይደለም። መድኃኒቱ ሲበዛ ትንፋሽን ያደክማል፤ ልብንም ያዳክማል። ሲያንስ ደግሞ ልጁ በመካከል ይነቃል፤ ሕመሙም ይሰማዋል። ማርም ሲበዛ ይመራል ይባል የለ? መድኃኒትማ እንዴት አይብስ!

መጠን አለማወቅ ምን እንደሚያመጣ ዓለም የተማረው ቆየት ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 በእንግሊዝ አገር ሐና ግሪነር የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። የእግር ጣቷን ጥፍር ለማስወጣት ክሎሮፎርም የሚባል ማደንዘዣ በጨርቅ አድርገው አሸተቷት። ወዲያው ሞተች። የሞቷ ምክንያት ሐኪሞችን ብዙ አከራከረ። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን በጨርቅ ላይ የፈሰሰ መድኃኒት መጠኑ አይታወቅም አለ። ተለክቶ ይሰጥ ብሎም አስተማረ፤ መለኪያ ያለው መሣሪያም ሠራ።

ልጅ ትንሽ አዋቂ አይደለም

ዛሬ የማደንዘዣ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው ክብደትን ነው።

«እናቴ፣ ልጅዎ ስንት ኪሎ ነው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ! አምስት ዓመቱ ነው።»

«ዕድሜው ብቻ አይበቃንም። እንመዝነዋለን።»

ለምን አይበቃም? እስቲ አብረን እናስላ። በደንብ ያደገ የአምስት ዓመት ልጅ 18 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተደረገ የጤና ጥናት በአማራ ክልል ያገኘውን ስሙ። ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ልጆች ውስጥ 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። የቀነጨረ ማለት ቁመቱ ለዕድሜው ያጠረ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ልጅ አምስት ዓመት ሞልቶት 13 ኪሎ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ኬታሚን የሚባል ማደንዘዣ አለ። በአገራችን ሐኪም ቤቶች በብዙ ይሠራበታል። በደም ሥር ሲሰጥ ለአንድ ኪሎ ክብደት እስከ 2 ሚሊ ግራም ይሰጣል።

18 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፦ 18 ሲባዛ በ2፣ 36 ሚሊ ግራም።

13 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ፦ 13 ሲባዛ በ2፣ 26 ሚሊ ግራም።

ልዩነቱ 10 ሚሊ ግራም ነው። ልጁ ሳይመዘን በዕድሜው ተገምቶ ቢሰጠው ከሚገባው ከሲሶ በላይ ትርፍ ይወስዳል። የሚሰጠው ፈሳሽ፣ ደምና ሌላው መድኃኒትም በኪሎ ይሰላል።

ደሙንም ተመልከቱ። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰውነቱ ያለው ደም 800 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ግን ከ4 ሊትር በላይ አለው። አንድ ብርጭቆ ደም፣ 200 ሚሊ ሊትር፣ ቢፈስ አዋቂው ይቋቋመዋል። ከሕፃኑ ግን የደሙ ሩብ ሄደ ማለት ነው።

በክብደቱ ልክ ሲታይም ሕፃን ከአዋቂ እጥፍ ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል። ስለዚህ ትንፋሹ ቢቋረጥ ቶሎ ይጎዳል። ደጋም ላይ አየሩ ስስ ነው። ትንሽ ገላ ሙቀትም ቶሎ ያጣል። የደብረ ማርቆስን ቁር ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ለልጁ ቆብና ደረቅ ልብስ ይዛችሁ ሂዱ።

ወፍራም ልጅስ? እሱም ጥንቃቄ ያሻዋል። ስብ የበዛበት ልጅ ሲተኛ ጉሮሮው ሊጠብና ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል። መድኃኒቱም በሙሉ ክብደቱ ከተሰላ ሊበዛበት ይችላል። ሌሊት የሚያንኮራፋ ከሆነ ለባለሙያው ንገሩ።

«አሁን አይቀደድም» ሲባል

አንዳንድ ወላጅ ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ይዞ ይመጣል። ሩቅ መንገድ ሄዷል፤ ገንዘብ ተበድሯል። ሐኪሙ ግን፣ «ክብደቱ ትንሽ ነው፤ መግባችሁት ተመለሱ» ይላል። ወላጁም፣ «ድሀ ስለ ሆንን ናቁን» ብሎ ያዝናል። በዚያው የሚቀርም አለ።

አድማጮቻችን፣ ይህ ንቀት አይደለም። ለከንፈር ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የሚከተሉት ልማድ አለ። ሕፃኑ 10 ሳምንት ሊሞላው፣ ክብደቱ ወደ 5 ኪሎ ሊጠጋ፣ የደሙም ልክ 10 ሊደርስ ይገባል ይላሉ። ከዚያ በታች ያለ ሕፃን ማደንዘዣውን ላይችለው ይችላል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም።

ስለዚህ የቀጠሮውን ቀን አስጽፋችሁ ተመለሱ። ሕፃኑ መጥባት ካቃተው ጡታችሁን በንጹሕ ስኒ አልባችሁ በማንኪያ አጠጡት። ስድስት ወር ሲሞላው የገብስና የባቄላ ገንፎ፣ እንቁላልና ቅቤ ጨምሩለት። በጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትመዝንላችሁ።

ይሁን እንጂ ክብደት እስኪጨምር የማይጠበቅበት ሕመም አለ። ሆዱ ተነፍቶ የሚያስመልስ ልጅ፣ ቡአው ጠጥሮ የሚያመው ልጅ፣ ደሙ የማይቆም ልጅ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ቢከሳም ይሂድ። ሐኪሞቹ ባለው ክብደት ልክ አስልተው ያክሙታል።

ባዶ ሆድ

ከማደንዘዣ በፊት ልጁ አይበላም። ለምን? ሲተኛ ጉሮሮው ስለሚላላ በሆዱ ያለው ምግብ ወጥቶ ወደ ሳንባው ይገባል። ይህ ይገድላል።

የተለመደው ሰዓት ይህ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከጧቱ 3 ሰዓት ቢሆን፦

ምግብ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ክልክል ነው።

የእናት ጡት ከሌሊቱ 11 ሰዓት በኋላ ክልክል ነው።

ንጹሕ ውሃ ከጧቱ 1 ሰዓት በኋላ ክልክል ነው።

ሐኪም ቤቱ ሌላ ሰዓት ከሰጣችሁ የእነሱን ተከተሉ። ጠበልም እንደ ውሃ ይቆጠራል። «ሆዱ ባዶ ነው፣ ይደክምብኛል» ብሎ በሶ በድብቅ ማጉረስ ለልጁ ማዘን አይደለም። ተሳስቶ ከበላም አትደብቁ፣ ተናገሩ። ቀጠሮ ቢተላለፍ ይሻላል። በሌላ በኩል የከሳ ልጅ ስንቁ ትንሽ ስለ ሆነ ያለ ልክ መራብ የለበትም። ተራው ከዘገየ፣ «ልጄ ከዚህ ሰዓት ጀምሮ አልበላም» ብላችሁ ለነርሷ ንገሩ።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ልጁ ሲመዘን ጫማውንና ጋቢውን አውልቁለት።

ሁለተኛ፣ አልቆም ካለ እናት አቅፋው ትመዘን። ቀጥሎ ብቻዋን ትመዘን። ከዚያ መቀነስ ነው። ከልጁ ጋር 62፣ ብቻዋን 49 ከሆነች፣ ልጁ 13 ኪሎ ነው።

ሦስተኛ፣ ያለፈው ዓመት ክብደት ለዛሬ አይሠራም። በግምትም አትናገሩ። ልጄ ከሳ ይሉኛል ብሎ ማፈርና ኪሎ መጨመር ልጁን ይጎዳል።

አራተኛ፣ በካርዱ ላይ የተጻፈውን ኪሎ ራሳችሁ አንብቡ። 13 የሚለው 18 ተብሎ ተጽፎ ብታገኙ፣ «ይህ ቁጥር የልጄ አይደለም» በሉ። 3 እና 8 በጽሑፍ ይመሳሰላሉ። በማደንዘዣ ግን ልዩነታቸው ከባድ ነው።

አምስተኛ፣ ጉንፋን፣ ሳል ወይም ትኩሳት ካለው፣ ከዚህ በፊትም መድኃኒት ከጎዳው ተናገሩ።

ባለሙያው ብዙ በሽተኛ አለበት። እናንተ ግን በዚያ ቀን የምትጠብቁት አንድ ልጅ ነው። ፊደልና ቁጥር ያወቀ ወላጅ ለዚያ ልጅ ሁለተኛ ዘብ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬውኑ ልጃችሁን አስመዝኑ፤ ቁጥሩንም በደብተራችሁ ላይ ከነቀኑ ጻፉ።

አንብባችሁ መልሱ

1. ማደንዘዣ ሲበዛ ምን ያደርጋል? ሲያንስስ?

2. አንዲት እናት ልጇን አቅፋ 58 ኪሎ፣ ብቻዋን 47 ኪሎ መዘነች። ልጇ ስንት ኪሎ ነው?

3. ቀዶ ሕክምናው ከጧቱ 4 ሰዓት ቢሆን፣ ልጁ ምግብ የሚያቆመው ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ላይ ነው?