ዋይ ፋዩ ለምን ደከመ?

ከገጠር ወረዳ መጥታችሁ ሶዶ ከተማ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ብዙ ናችሁ። ለአራት በአንድ ስልክ ሆትስፖት ስታጠኑ ቪዲዮው እየተንቀራፈፈ አላስቸገራችሁም? በ2016 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊል ተፈታኞች በኦንላይን ስለተሰጠ ነገሩ የዋዛ አይደለም።

ለመሆኑ ምክንያቱ ምንድን ነው? ዋይ ፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው። ብረት ሞገዱን ይመልሰዋል፤ ወፍራም ግድግዳና ውሃ ደግሞ ያዳክሙታል። ስለዚህ ግቢው ራውተር ካለው ከቆርቆሮ በር፣ ከብረት ቁም ሳጥንና ከውሃ በርሜል አርቃችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ መሀል ላይ አስቀምጡት። የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ግድግዳ አልፎ ራቅ ይላል፤ የ5 ጊጋኸርዙ ፈጣን ቢሆንም ቅርብ ይፈልጋል።

በሆትስፖት ከሆነ ግን ወሳኙ ስልኩ ራሱ ከማማው የሚያገኘው ኔትወርክ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሞገድ ስለማያሳልፍ ስልኩን መስኮት አጠገብ አድርጉት። የይለፍ ቃልም አብጁለት። አንዱ ፊልም ሲያወርድ ሌላው ማጥናት አይችልም፤ ስለዚህ ተራ ግቡ። ትልቁን ፋይል አንዳችሁ ሌሊት አውርዳችሁ ለጓደኞቻችሁ በብሉቱዝ አካፍሉ። ያኔ ኔትወርኩ ቢጠፋ እንኳ ጥናቱ አይቋረጥም ማለት ነው።

መልካም ጥናት!