በአጥቢያ የገቢ ማስገኛ ተቋማት የሚሠሩ ሠራተኞች የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎችን በአግባቡ እንዲለምዱ ስለ መርዳት

ከአሥራትና ከስእለት በተጨማሪ በትንንሽ የገቢ ማስገኛ ሥራዎች የሚደገፉ አጥቢያዎች ጥቂት አይደሉም። የንዋያተ ቅድሳት መሸጫ፣ የመዘምራን ልብስ ስፌት፣ ዳቦ ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያ፣ የሚከራይ አዳራሽ ለዚህ ይጠቀሳሉ፤ በጥቂት ሠራተኞች የሚንቀሳቀሱ ሲሆኑ ትርፋቸውም ለአብነት ተማሪዎች ድጎማ፣ ለአረጋውያን መርጃ ወይም ለአገልጋዮች ደመወዝ ይውላል። ዛሬ በእነዚህ ቤቶች ቻትጂፒቲንና ጀሚናይን የመሰሉ አመንጪ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች መግባት ጀምረዋል። የሚገቡትም ኮሚቴ ተወያይቶባቸው ሳይሆን በወጣት ሠራተኞች ስልክ ነው። ሰበካ ጉባኤው ነገሩን የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ለደንበኛ የተላከ ደብዳቤ ከወትሮው አምሮ፣ ወይም ከወትሮው ተሳስቶ ሲገኝ ነው። ስለዚህ መሣሪያዎቹ ምን እንደ ሆኑ በአጭሩ፣ ሠራተኞችን ማለማመድ ስለሚቻልበት መንገድ ግን ሰፋ አድርገን ለመግለጥ ወደናል።

ቻትጂፒቲ ለሕዝብ የቀረበው ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2022) ነው። እርሱና መሰሎቹ እጅግ ብዙ ጽሑፍ ከተመገቡ በኋላ፣ ከቀደሙት ቃላት ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመቱ ጽሑፍ ይሠራሉ። ለካህናት አንባብያን ነገሩን በአብነት ትምህርት ቤት ምሳሌ ማስረዳት ይቀላል። ገና ንባብ ላይ ያለ ተማሪ መዝሙረ ዳዊትን እያንበለበለ ይወርደዋል፤ ትርጓሜውን ብንጠይቀው ግን ገና ነው። መሣሪያው ከዚህ ተማሪ በአንድ ነገር ይለያል፤ ተማሪው ያልያዘውን ሲጠየቅ ዝም ይላል፣ መሣሪያው ግን በአብዛኛው የሚመስለውን ቃል አስገብቶ በዚያው ፍጥነት ይቀጥላል። በእኛ አስተያየት “አስተውሎት” የሚለው ስያሜ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከመጠን በላይ ለጋስ ነው፤ የተለመደ ስለ ሆነ ብቻ እንጠቀምበታለን።

ጉዳቱ በተግባር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ ጠበቆች በቻትጂፒቲ አማካይነት ያገኟቸውን፣ በእውነት ግን የሌሉ የፍርድ ቤት ውሳኔዎችን በማስረጃነት አቅርበው የ5,000 ዶላር ቅጣት ተወስኖባቸዋል። የሕግ ሰዎች ከዚህ ካላመለጡ፣ የአንድ ዳቦ ቤት ገንዘብ ያዥ ብቻውን እንዲያመልጥ መጠበቅ አይገባም።

ጥቅሙም እንዲሁ የተመዘነ ነው። ኤሪክ ብሪንዮልፍሰንና ሁለት ባልደረቦቹ ከ5,000 በሚበልጡ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ላይ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ መሣሪያውን ያገኙ ሠራተኞች በሰዓት የሚፈቱት የደንበኛ ችግር በአማካይ በ14 በመቶ ጨምሯል። ከሁሉ ይበልጥ የተጠቀሙት አዲሶቹና ልምድ ያነሳቸው ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ነባሮቹ ያገኙት ጭማሪ አነስተኛ ነበር። በዚያው ዓመት በ758 የአማካሪ ድርጅት ባለሙያዎች ላይ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ከመሣሪያው ችሎታ ውጭ በሆነ ሥራ ላይ የተጠቀሙበት ሰዎች ካልተጠቀሙት ይልቅ ትክክለኛውን መልስ የማግኘት ዕድላቸው እንደ ቀነሰ አሳይቷል። ጥናቶቹ የተደረጉት ከእኛ ሱቆች እጅግ በሚለዩ ድርጅቶች ነው፤ ሆኖም ለሥራ መሪው የሚነግሩት ነገር ግልጽ ነው። ሠራተኛው ሊማር የሚገባው ዋና ነገር የትኛውን ሥራ ለመሣሪያው መስጠት እንዳለበትና የትኛውን መከልከል እንዳለበት መለየት ነው።

ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ግን አንድ ነገር መነገር አለበት። ሠራተኞች መሣሪያውን ተደብቀው የሚጠቀሙት ወይም ጨርሶ የሚሸሹት በአንድ ምክንያት ነው፤ “ሥራዬን ይወስድብኛል” ብለው ይፈራሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው አስቀድሞ ተወያይቶ፣ በመሣሪያው ምክንያት ጊዜ ስለ ተረፈ ብቻ ማንም እንደማይሰናበት በቃለ ጉባኤ ቢያሰፍርና ለሠራተኞቹ ቢያነብላቸው ይመረጣል። ይህን ቃል መስጠት የማይችል ኮሚቴ ሥልጠናውን ቢያዘገየው ይሻላል እንላለን፤ ሥራውን ለማጣት የሚሠለጥን ሰው የሚያውቀውን አያካፍልምና።

ሥልጠናው ሠራተኛው በየሳምንቱ ከሚሠራው ሥራ ይጀምር። የአንድ ቀን ዐውደ ጥናት አዘጋጅቶ፣ ስለ ቴክኖሎጂው ታሪክ ተናግሮ፣ ሻይ አጠጥቶ መበተን እምብዛም ፍሬ የለውም። ከዚያ ይልቅ ለአራት ሳምንታት በሳምንት አንድ ሰዓት ወስዶ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚፈጅበትን አንድ ሥራ ይዞ ቢቀመጥ መልካም ነው። የእንግዳ ማረፊያው ተቀባይ ለቦታ ጠያቂዎች የሚሰጠውን መልስ፣ የሱቁ ሻጭ ለቴሌግራም የሚያዘጋጀውን የዕቃ መግለጫ፣ የስፌት ክፍሉ ኃላፊ የፕሮፎርማ ማስተላለፊያ ደብዳቤውን ያመጣል።

በዚህ ሰዓት የሚለመደው አጠያየቅ ነው። “ለደንበኛ ደብዳቤ ጻፍልኝ” የሚል ጥያቄ ለማንም የማይሆን ደብዳቤ ያስገኛል። የሚከተለው ግን ይሠራል፦ “እኛ የመዘምራን ልብስ የምንሰፋ አነስተኛ የስፌት ክፍል ነን። አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት 40 ልብስ አዝዞናል፤ ጨርቁ ስለ ዘገየብን ከተስማማንበት ቀን በዐሥር ቀን እንዘገያለን። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሰብሳቢ ከስድስት ዐረፍተ ነገር ያልበለጠ የይቅርታ ደብዳቤ በአክብሮት አጻጻፍ አዘጋጅ። ያልነገርኩህን ቀን፣ ዋጋ ወይም ቃል ኪዳን አትጨምር።” ማን እንደሆንን፣ ለማን እንደምንጽፍ፣ ምን እንደተፈጠረ፣ ምን እንደማይፈቀድ በአንድነት ተነግሯል። የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በተለይ አይዘለል፤ ያም ሆኖ መሣሪያው ሁልጊዜ ይታዘዛል ማለት ስላልሆነ፣ የመጣው ጽሑፍ ጮክ ተብሎ ቢነበብ ስሕተቱ በቶሎ ይያዛል። ነባሩ ሠራተኛ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው፤ ወጣቱ በመሣሪያው ይቀድመዋል፣ እርሱ ግን ደንበኛውን ያውቃል። ሁለቱን አብሮ ማስቀመጥ ከውጭ አሠልጣኝ ከማምጣት ይረክሳል፣ ይጠቅማልም።

በአማርኛ ስንጠቀም የሚያጋጥሙን ልዩ ችግሮች አሉ። መሣሪያዎቹ የተመገቡት የአማርኛ ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። በተጨማሪም በኮምፒውተር የጽሑፍ ሥርዐት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ መሣሪያዎቹም የአማርኛን ቃል ብዙውን ጊዜ ይበልጥ ስለሚቆራርጡት በነጻ የተፈቀደው መጠን ቶሎ ያልቃል። ከዚህ የሚብሰው ግን የአነጋገር ስሕተት ነው። “እርስዎ” ሊባል የሚገባውን አባት “አንተ” ይላል፤ ሴትን በወንድ አንቀጽ ይጠራል፤ በአንዱ ዐረፍተ ነገር “እርስዎ” ብሎ በሚቀጥለው ይረሳዋል። በሰዓትም እንዲሁ፤ “ከጠዋቱ 3 ሰዓት” ያልነው ቀጠሮ በእንግሊዝኛው አቈጣጠር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ሊተረጐም ይችላል። የቀን ልወጣ ደግሞ በጭራሽ ለመሣሪያው አይተው። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 12 ቀን ነበር፤ የ2018ቱ ግን ሴፕቴምበር 11 ላይ ዋለ። ይህችን የአንድ ቀን ልዩነት መሣሪያው ሊስታት ይችላል። የጾምና የበዓል ቀን ማውጣት የባሕረ ሐሳብ ዐዋቂ ሥራ ስለሆነ፣ የእንግዳ ማረፊያውም ሆነ ዳቦ ቤቱ የጾም ወቅት ዝግጅቱን ከአጥቢያው ሊቃውንት ጠይቆ ይያዝ።

ሒሳብም በስልኩ ማስሊያ ይረጋገጥ። 40 ልብስ በ2,350 ብር 94,000 ብር ነው፤ ተቋሙ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ 15 በመቶው 14,100፣ ጠቅላላው 108,100 ብር ይሆናል። መሣሪያው ይህን በትክክል ሊሠራው ይችላል፤ ይሁን እንጂ በፕሮፎርማ ላይ የሚፈርመው ሰው ነው።

ምሥጢርን በተመለከተ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። በነጻ ከሚሰጡት አገልግሎቶች ብዙዎቹ የምንጽፍላቸውን ለራሳቸው ማሠልጠኛ ሊያውሉት ይችላሉ፤ ይህን መዝጊያ ቦታ በማስተካከያው ውስጥ ፈልጎ መዝጋት የመጀመሪያው ቀን ሥራ ይሁን። ከተዘጋ በኋላም የደንበኛ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የባንክ ሒሳብ፣ የሠራተኛ ደመወዝ፣ የተረጂዎች ዝርዝር አይገባም፤ በስም ፈንታ “ደንበኛው” ብሎ መጻፍ ይበቃል። የግል መረጃ ጥበቃ በሀገራችን በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተደነገገ ስለ ሆነ ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ካህናትም ከንስሐ ልጆቻቸው የሰሙትን፣ ስም ተነሥቶለትም ቢሆን፣ ምክር ለመጠየቅ ብለው ወደዚህ መሣሪያ ማስገባት ከቶ አይገባቸውም።

በመጨረሻም የመለያ አካውንቱ ነገር አለ። ተቋሙ የሚጠቀምበት አካውንት በሠራተኛው የግል ስልክ ቁጥር ከተከፈተ፣ እርሱ ሥራ በለቀቀ ቀን የተጠራቀመው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። በተቋሙ የኢሜይል አድራሻ ተከፍቶ፣ የይለፍ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ከቼክ ደብተሩ ጋር በገንዘብ ያዡ ሣጥን ቢቀመጥ፣ በየሩብ ዓመቱ በሚደረገው ቈጠራም አብሮ ቢታይ መልካም ነው።